የስፌት ትርፍ

ከፈረስ መጋላ ቁልቁል ሲወረድ፣
ልብስ ሰፊው በረድፍ ተቀምጦ በግራ ቀኝ መንገድ፣
ስሙን ከጩኸቱ የወሰደ ሰፈር፣
መኪና ግርግር፣
እዚያ ነው ያደግሁት።
መስፋት አይደለም ግን መጀመሪያ የተማርሁት፤
መፍታት ነው።

አው ሻሚ ምላጭ ሰጠኝ፣ ግማሹን በካርቶን ጠቅልሎ፣
«ክሩን እንጂ ጨርቁን እንዳትነካው» ብሎ።
(አንተ ነው የምለው፤ ሐረር ላይ አንቱታ ለእንግዳ ነው።)
ልብስን ከውስጡ ማንበብ ለመድሁ፤
ማን በክፉ ቀን እንደ ከሳ፣ ማን በሹመት እንደ ደለበ፣
የማን ቀሚስ ከሠርጉ በፊት በወገብ እንደ ጠበበ፣
አወቅሁ፤
መርፌ ነክሼ ዝም አልሁ።

አቶ መንክር የሚባል ነበር፣ የድሬዳዋ የባቡር ሰው፣
ቅዳሜ ቅዳሜ ደንገጎን በጭነት መኪና ወጥቶ የሚደርሰው፤
አንድ ሱሪ ነበረው፣ ግራጫ ሱፍ፣ ከጅቡቲ የመጣ፣
መጀመሪያ እንደ ቧንቧ የጠበበ፣ እግር በመከራ የሚወጣ።
ኋላ አፍሮው እንደ ግራር ጥላ ሲሰፋ፣
ሚኒው ከከዚራ ዛፎች ሥር ብቅ ሲል፣ ሲጠፋ፣
«ልቀቀው» አለ፣ «ቤልቦተም ይሁን፣ መሬት ይጥረግ!»
አው ሻሚም ለቀቀው፤ ሱሪው አቧራ ሲዝቅ ከረመ በየሠርግ።
ቀጥሎ ካኪ መጣ፤ ሰው ሁሉ አንድ ቀለም፣ አራት ኪስ፣
ሰፊ እግር ጥርጣሬ የሚቀሰቅስ፤
መንክር በሹክሹክታ፣ «አጥብበው፤ ትርፉ ግን ከውስጥ ይታጠፍ፣
ምን ይታወቃል፣ ይሄም ቢያልፍ።»

አጠፍሁት። ማታ ግን፣ አው ሻሚ ለመግሪብ ሲነሣ፣
እጄ ሳላዘው ምላጭ አነሣ፤
የእኔ ሱሪ ከኋላው ተቀዶ ነበር፤ ልጅ ነበርሁ፤
ግራጫውን ትርፍ ቆርጬ ለጠፍሁ።

ዘመን ሄደ። ቀፊራ ሰልባጅ ጎረፈ፣ በክምር የሚሸጥ ጃኬት፣
የማናውቀው ልጅ ስም በብዕር ኮሌታው ላይ የተጻፈበት።
አንዱን ገልብጬ አየሁ፤ ፋብሪካው ጠርዙን ጨርሶ ከርክሞታል፣
ለባሹ ይወፍራል ብሎ የት ያስባል?
ሶማሌዎቹ ደግሞ በድሪያ ያልፋሉ፣
ነፋስ ለክቶ የሰፋላቸው ይመስላሉ፤
ሁለት መስመር ስፌት ብቻ!
የምፈታው አጣሁና
ሥራ ፈት ሆንሁ፣ አንድ ክረምት ሙሉ፣ ፈቺው።

አምና የመንክር የልጅ ልጅ መጣ፣ ኖላዊ የሚሉት፣
ሱሪውን በፌስታል ይዞ።
«አያቴ ትርፍ አለው ብሎኛል፤ አሁን ሰፊ ነው የሚለበሰው።»
ፈታሁት። ላብ ፊቴን አለበሰው።
ከሌላ ግራጫ፣ ከማይመሳሰል፣
በየጎኑ ስንጣቂ ጨመርሁለት።
መስታወት ፊት ዞረ፤ «አሪፍ! ይሄን ፋሽን የት አየኸው?» አለኝ፤
ከፈለና ጉርሻ ጨመረበት።

ሰኞ ለት እማማ ነጂባ መጣች፣ ከልጅ ልጇ ከረውዳ ጋር፣
የሠርጓን ኢራዝ ይዛ፤ አንድ ገጹ ሐምራዊ፣ አንድ ገጹ ጥቁር፤
ባሏ የሞተ ለት ገልብጣ የለበሰችው።
«ወገቡ ጠበብ ይበል፣ ዚፕ ይግባበት» አለች ረውዳ፣ «ለምርቃት ነው።»
ነጂባም፣ «ቁረጠው። እኔ አልመለስበት፤
ሳጥን ውስጥ ሲያረጅ ከማይ ይዝለሉበት።»

ፈታሁ። ከላይ ፀሐይ የበላው ሐምራዊ
ስፌቱ ውስጥ አዲስ ነው፣ እንደ ተፈለቀቀ ሮማን።
ዝቅ ብሎ ቢጫ ክር አገኘሁ፤ የአው ሻሚ እጅ፣
ሐምራዊ ክር ከገበያ የጠፋ ዓመት
ለእርጉዝ ወገብ ያሰፋው፣
ማን ያየዋል ብሎ።
እኔ አየሁት።

ምላጩን አስቀመጥሁ። አራት ጣት ሙሉ ትርፍ
ወደ ውስጥ አጥፌ፣ በቢጫ ክር ያዝሁት።
«ቆረጥከው?» አለች ነጂባ፣
ዓይኗ ደክሟል፣ ጠርዙን በጣቷ እየዳሰሰች።
«ቆረጥኩት።»
ጣቷ እጥፋቱ ላይ ደርሶ ቆመ።
ቆየት ብላ
«ሒሳቡ ስንት ነው?» አለች።